ስልኬን ቤት ጥዬ የምወጣባት ሰኞ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ባለፈው ሰሞን የአነስተኛ ድርጅት ባለቤቶች እንዴት «ስትራቴጂካዊ መሪ» መሆን እንዳለባቸው የጻፋችሁትን አነበብኩት። ያነበብኩት የአንድ ደንበኛዬ ካፌ ውስጥ ሒሳብ እስኪከፈለኝ ቁጭ ብዬ ነው። ሒሳቡ ስለዘገየ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጥሩ ነው። ግን የጻፈው ሰው ምጣድ ዳር ቆሞ የሚያውቅ አልመሰለኝም። ስለዚህ እኔም የማውቀውን ልጨምር።

ሥራዬ እንጀራ ነው። ኮተቤ አካባቢ በተከራየሁት ግቢ ውስጥ ዘጠኝ ሰው ቀጥሬ እሠራለሁ። አምስት ጋጋሪ፣ ሁለት አቡኪ፣ ሁለት አድራሽ። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የጥቃቅንና አነስተኛ ስትራቴጂ ከ6 እስከ 30 ሠራተኛ ያለውን «አነስተኛ» ስለሚል፣ እኔ በስድስትና በሠላሳ መሃል ያለሁ አነስተኛ ነኝ ማለት ነው። የጀመርኩት በ2006 በአንድ ምጣድ ነው። ዛሬ በቀን 1,200 እንጀራ ገደማ ይወጣል።

ጽሑፋችሁ «ባለቤቱ ከዕለት ተዕለት ሥራ ወጥቶ ሩቅ ይመልከት» ይላል። እሺ፣ ይመልከት። እሱ ሩቅ ሲመለከት ሊጡን ማን ያያል?

ስልጠና አልወሰድኩም እንዳትሉኝ። ወስጃለሁ። ከዓመታት በፊት ሦስት ቀን ሙሉ አዳራሽ ተቀምጠን ራዕይ፣ ተልዕኮና እሴት ጻፍን። የአምስት ዓመት እቅድም አወጣን። እኔ «በ2015 በምሥራቅ አፍሪካ ተመራጭ የእንጀራ አቅራቢ ሆኖ መገኘት» ብዬ ጻፍኩ። አጠገቤ የነበረው ብሎኬት አምራች ደግሞ የእኔን አይቶ እንጀራውን በብሎኬት ቀየረው። ወረቀቴን ፍሬም ውስጥ አስገብቼ መጋገሪያው ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። በሁለት ወር እንፋሎቱ ጠቀለለው። ጋጋሪዎቹ አንስተው ሚስማሩን የምጣድ ማሰሻ ጨርቅ መስቀያ አደረጉት። አልተቆጣሁም፤ ሚስማሩ ጠቅሞናል።

ያ ተመራጭ እሆንበታለሁ ያልኩት 2015 ሲመጣ ሆስፒታል ተኝቼ አገኘኝ። የሐሞት ጠጠር ነበር። ጊዜው ደግሞ የካቲት። ዐቢይ ጾም ገብቷል፤ በያይነቱ የሚሸጥ ቤት ሁሉ እንጀራ ጨምሪ ይለኛል። ያን ሰሞን ጤፍ ወደ ከተማ እንደልቡ አልገባ ብሎ አዲስ አበባ ውስጥ ዋጋው ያበደበትን ጊዜ ታስታውሱታላችሁ። እህል በረንዳ ጠዋት የተጠራው ዋጋ ማታ አይገኝም ነበር። ኩንታሉ 10 ሺህ ብርን ሲሻገር እኔ አልጋ ላይ ነኝ፤ ግሉኮስ ክንዴ ላይ፣ ስልክ ጆሮዬ ላይ።

«እትዬ፣ እርሾው ስንት ጣሳ ነው?» «እትዬ፣ ሆቴሉ ዛሬ 700 ይሁን ይላል።» «እትዬ፣ አብሲቱ ቀጠነ።» «እትዬ፣ ወፍጮ ቤቱ የባለፈውን ካልከፈላችሁ አልፈጭም አለ።» በአንድ ቀን የመጣልኝን ጥሪ ቆጠርኩት፤ 43። ነርሷ መጨረሻ ላይ «እናቴ፣ እዚህ የመጡት ለመታከም ነው ወይስ ቢሮ ለመክፈት?» አለችኝ።

በአራተኛው ቀን ማታ ስልኬ ባትሪ ጨረሰ። ቻርጀሩን ልጄ ይዞት ሄዷል። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሊጡ ኮምጥጦ፣ ደንበኛው ሁሉ ተቆጥቶ፣ ቤቱ ሲፈርስ ነው የታየኝ። ጠዋት ስልኩ ሲበራ የመጀመሪያ ሥራዬ መደወል ነበር። «ደህና ነን እትዬ፣ 900 አውጥተናል» አለችኝ ከጋጋሪዎቹ አንዷ። ሙሉው አልወጣም፤ ግን 900 ወጥቷል። እርሾውን ምን ያህል እንዳደረገች ጠየቅኳት። እኔ ከማደርገው ቀንሳ ነው ያደረገችው፤ ሙቀቱ ስለጨመረ። እንጀራው ዓይኑ ያማረ ነበር አሉ።

ደስ አለሽ? ብትሉኝ፣ እውነቱን ልናገር፣ ቅር ነው ያለኝ። ዘጠኝ ዓመት ከሌሊቱ 9 ሰዓት እየተነሳሁ ሊጥ ውስጥ እጄን እየነከርኩ «ይኼ እኔ ከሌለሁ አይሆንም» ስል ኖሬያለሁ። ልጅቷ ከእኔ የተሻለ አደረገችው። ለካ ጠይቄያት አላውቅም።

ከሆስፒታል ወጥቼ ሦስት ሳምንት ከባድ ነገር እንዳላነሳ ተከለከልኩ። ወንበር አውጥቼ ግቢው ጥግ መቀመጥ ጀመርኩ። ያኔ ነው የራሴን ቤት ከውጭ ያየሁት። አድራሹ ልጅ በየቀኑ አንድ መንገድ ሁለት ጊዜ ይመላለሳል። ለምን? አንዱ ካፌ 1 ሰዓት ላይ፣ ጎረቤቱ ደግሞ 3 ሰዓት ላይ ይፈልጋል ብዬ ከስንት ዓመት በፊት የነገርኩት ነው። ጎረቤቱን ሄጄ ጠየቅኩት። «እኔ በማንኛውም ሰዓት ቢመጣ ግድ የለኝም» አለ። የጫማና የነዳጅ ገንዘብ ስንት ዓመት እንደፈሰሰ አስቡት።

መጀመሪያ የሠራነው እጄ ላይ ያለውን ነገር ከእጄ ማውጣት ነበር። ልጽፈው ፈለግኩ። ግን ከጋጋሪዎቼ ሁለቱ ጽሑፍ ብዙም አያነቡም። ስለዚህ የእርሾውን ባልዲ በጥፍር ቀለም አሰመርነው። ቀይ መስመር ለክረምት፣ ከሱ ዝቅ ያለው ሰማያዊ ለበጋ። ክረምት ላይ ብርድ ስለሆነ ሊጡ ቶሎ አይነሳም፤ እርሾ ይጨመራል። ሚያዝያ ላይ ያንኑ ብታደርጊ ጠዋት ሆምጣጤ ነው የምታገኚው። ይኼን እኔ አውቀዋለሁ፣ እናቴ ታውቀዋለች፤ ባልዲው ግን አያውቀውም ነበር። አሁን ያውቃል። ከዚያ የደንበኛ ዝርዝር ከነሰዓቱ፣ ከነስልኩ፣ ዱቤ ከተፈቀደለት ከነገደቡ በትልቅ ወረቀት ወጣ። ራዕዩ ተሰቅሎበት በነበረው ቦታ ላይ ሰቀልነው። በላስቲክ ሸፍነን፤ ከእንፋሎቱ ተምረናል።

ሁለተኛው ሒሳቡ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ጽሑፋችሁ ያለፈው በአንድ መስመር ነው።

የፋሲካ ሰሞን ሰው በየቤቱ ስለሚጋግር ለእኛ ሥራ ቀዝቀዝ ይላል። በዚያው ደብተር ይዤ ቁጭ አልኩ። እስከዚያ ድረስ ሒሳቤ የጤፍ ዋጋና የእንጀራ ዋጋ ብቻ ነበር። ከሽያጩ ላይ ጤፉን ስቀንስ የሚተርፈውን ትርፍ እለዋለሁ። አሁን ወፍጮውን፣ መብራቱን፣ ደሞዙን፣ ኪራዩን፣ ላስቲኩን፣ ትራንስፖርቱን፣ የሚቀደደውን እንጀራ፣ ውሃ ሲጠፋ በጄሪካን የሚገዛውን ሁሉ ጨመርኩ። ትልቁ ደንበኛዬ ለነበረው ሆቴል በ16 ብር የምሸጠው እንጀራ ለእኔ የሚወጣብኝ 16 ብር ከ40 ነው። የራሴን ደሞዝ ሳላስገባ። እኔ ለራሴ ደሞዝ ከፍዬ አላውቅም ነበር።

ያ ሆቴል በቀን 600 ይወስዳል፤ ከምጋግረው ግማሹን። 40 ሳንቲም ስትሰማ ምንም አይደለችም። በ600 ስታባዛት በቀን 240 ብር፣ በ26 የሥራ ቀን ደግሞ 6,240 ብር ናት። ማለትም በየወሩ 6,240 ብር ከኪሴ እየጨመርኩ ኮከብ ላለው ሆቴል እንጀራ አበላ ነበር። ከአንድ ጋጋሪ ደሞዝ በላይ ነው!

ይኼ ብቻ ቢሆን ጥሩ። ስንዋዋል በ60 ቀን እንከፍላለን ያሉት መጨረሻ ላይ 97 ቀን ደረሰ። የአንድ ወሩ ሽያጭ ወደ ሩብ ሚሊዮን ብር ነው። ሦስት ወር ሲከማች 700 ሺህ ብር አልፎ እነሱ ጋ ተቀምጧል። እኔ ደግሞ በዚያው ሰዓት ጤፍ ለመግዛት ከዘመድ እበደራለሁ። ለካ የሆቴሉ ባንክ እኔ ነኝ፤ ያውም ወለድ የማይጠይቅ ባንክ። ሰፈር ውስጥ ግን «ለእገሌ ሆቴል ታቀርባለች» ስባል ቀና ብዬ ነበር የምሄደው። ያ ኩራት ስንት እንዳስከፈለኝ ሳየው አፈርኩ።

ግዢ ክፍል ሄድኩ። 18 ብር ከ50 ይሁንልኝ፣ ክፍያውም በ15 ቀን ይሁን አልኩ። ኃላፊው ስቆ «እህቴ፣ በር ላይ አሥር ሰው ተሰልፎልኛል» አለኝ። ቤት ገብቼ ሁለት ቀን አሰብኩ። አለቀስኩም። በሰኔ አቆምኩ።

ጽሑፋችሁ ላይ የሌለው ይኼ ነው። ከእንዲህ ያለ ውሳኔ በኋላ ያለው ነገር ፎቶ የሚነሱበት አይደለም። ግማሽ ሥራዬ በአንድ ቀን ሄደ። ጋጋሪዎቹን በየተራ በግማሽ ደሞዝ እረፍት አስወጣኋቸው። አንዷ በዚያ ክረምት ልጇን ትምህርት ቤት ማስመዝገብ ነበረባት። ያን ጊዜ ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም። አዋጭ ነበር ብዬ ብከራከርም ትክክለኛው አካሄድ መጀመሪያ ሌላ ደንበኛ ፈልጎ ሆቴሉን በሦስት ወር ቀስ እያሉ መቀነስ ነበር። እኔ በንዴት ነው የቆረጥኩት፤ ንዴቴን ውሳኔ ብዬ ጠራሁት። የቀረውን ገንዘብ ለመሰብሰብ እስከ ጥር 2016 ተመላለስኩ። 40 ሺህ ብር የሚሆነው እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ይቅር ብያቸዋለሁ ልል ነበር፤ አላልኩም።

ከዚያ እግሬን ፈታሁ። ሽሮ ቤት፣ ቁርስ ቤት፣ ጁስ ቤት ሆኖ ምሳ የጀመረ፣ የትምህርት ቤት ካፍቴሪያ፣ የሕንፃ ግንባታ ላይ ለሠራተኛ ምግብ የምታቀርብ ሴት። ሃያ፣ ሠላሳ፣ ሃምሳ እየወሰዱ ተሰበሰቡ። ጥቅምት ሲደርስ 14 ነበሩ። ሁለቱ ዱቤዬን ይዘው ጠፉ። አንዱ ቤቱን ዘግቶ ስልኩን ቀይሮ ነው የሄደው። ግን አንድ ትንሽ ደንበኛ ሲጠፋ ያመኛል እንጂ አልወድቅም። ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ አለኝ፤ ማንም ደንበኛ ከምጋግረው አንድ አምስተኛ በላይ አይወስድም። ባለፈው ዓመት አንድ ድርጅት ሲከፈት 500 ልውሰድ ብሎ መጣ። 240 ሰጠሁት። ባለቤቴ «እብድ ነሽ» አለኝ። ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ሰኞ ልምጣ።

ሰኞ ከሰዓት ከ9 እስከ 11 ሰዓት ቤት አልገኝም። ስልኬን ለጋጋሪዎቹ አለቃ ትቼ ትንሽ ራቅ ያለ ቡና ቤት እሄዳለሁ። ሰኞን የመረጥኩት ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ከዋዜማቸው ጀምሮ ሩጫ ስለሚበዛብን ነው። ቤት ሆኜ ሞክሬዋለሁ፤ አይሆንም። «እትዬ» የሚለውን ድምፅ እየሰሙ ማሰብ አይቻልም። ደብተሬ ላይ ሁልጊዜ የምጽፋቸው ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። ባለፈው ሳምንት ምን ባከነ? ገንዘቤ ማን እጅ ነው? የሚመጣው ሁለት ወር ምን ይዞ ይመጣል? አንዳንድ ሰኞ አንድም ነገር ሳልጽፍ ቡናዬን ጠጥቼ እመለሳለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ጥፋት የሠራሁ እየመሰለኝ ተደብቄ ነበር የምሄደው። ምጣድ ዳር ያልቆመ ሰው ያልሠራ ይመስለኝ ነበር፤ እንደዚያ ነው ያደግነው።

የሚመጣው ሁለት ወር ያልኩት በምክንያት ነው። የአምስት ዓመት እቅድ ለእኔ አይሠራም። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይመራ ሲባል 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት 100 ብርን አለፈ። እንጀራ ከዶላር ምን አገናኘው እንዳትሉ፤ ላስቲኩ፣ የምጣዱ ሽቦ፣ የሞተር ሳይክሉ ጎማ ሁሉ ከውጭ ነው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ የመብራት ታሪፉ በየሦስት ወሩ ይጨምራል። የእኔ እቅድ እንግዲህ በሁለት ነገር ላይ ነው የሚቆመው፤ በአጨዳና በጾም።

ጤፍ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ጥርና የካቲት ገበያው ላይ በደንብ ይኖራል፤ ክረምት ላይ ይወደዳል። 2015 ያንን ሥርዓት አፍርሶት ነበር፤ ቢሆንም ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። የጾሙ ቀን መቁጠሪያ ደግሞ ከማንም አማካሪ በላይ ይነግረኛል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታ 15 ቀን፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም። ረመዳን በየዓመቱ ቀደም እያለ ስለሚመጣ ከየትኛው ጾም ጋር እንደሚገናኝም አያለሁ፤ አንዳንድ ደንበኞቼ ያን ወር ቀን ላይ ዘግተው ማታ ነው የሚፈልጉት። ይኼን ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ሣልኩት። ዓመቱ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ዕቁቤን ሳይቀር በጥር እንዲወጣልኝ ከዳኛው ጋር ተነጋገርኩ፤ ጤፍ በሚገዛበት ጊዜ።

ይኼም ቢሆን እንከን አላጣውም። በ2016 ጥር ዕቁቤን ተቀብዬ የሁለት ወር ጤፍ ባንዴ ገዛሁ። ጤፍን ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም፤ ደረቅ ቦታ ከሆነ ይቀመጣል። ቦታውን በደንብ አዘጋጅቻለሁ፣ ሁሉን አስቤያለሁ። ያላሰብኩት አንድ ነገር ጆንያውን መውጋት ነው። ነጋዴው ለዓመታት የማውቀው ጋሼ ነው፤ ከላይ ከፍቼ አየሁና «ማኛ ነው» ብዬ ከፈልኩ። ቤት መጥቶ ሲፈታ ከ12 ኩንታል በላይ ከሥሩ ሰርገኛ ሆኖ ተገኘ። ሰርገኛ መጥፎ አይደለም፤ እኔ ቤት የምበላው እሱን ነው። ግን በማኛ ዋጋ አይገዛም። ያን ቀን ስትራቴጂዬን ይዤ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። አሁን ጆንያ ወግቶ ከመሃል ናሙና የሚያወጣውን የብረት ቱቦ ይዤ ነው የምሄደው። ጋሼ ሲያየኝ «የኔ እህት፣ አላመንሽኝም?» ይላል። «አምናለሁ ጋሼ፣ ቱቦው ነው የማያምነው» እለዋለሁ።

መብራት ሲጠፋስ? ጄኔሬተር ልገዛ ነበር። ብሩም ተዘጋጅቶ ነበር። ሰኞ ቁጭ ብዬ መብራት የሚጠፋብንን ሰዓት ከደብተሬ ደመርኩ። ምጣድ ብዙ ኃይል ነው የሚበላው፤ ያን ሁሉ ምጣድ የሚያነሳ ጄኔሬተር ከነነዳጁ እንጀራውን ወርቅ ያደርገዋል። ተውኩት። በምትኩ በሲሚንቶ የሚሠራውን ምርጥ ምድጃ አራት ገዝቼ ከጓሮ አስተከልኩ። መብራት ሲጠፋ በማገዶ ቢያንስ ለጾመኞቹ ቤቶች የሚሆነው ይወጣል። ጭስ አለው፤ ሴቶቹ ያጉረመርማሉ፤ እውነታቸውን ነው። ለዚያ ቀን አበል ጨመርኩላቸው፤ ማጉረምረሙ ግን አልቀረም።

ዶላሩ በተወደደ ሰሞን አንድ ሰው በመኪና መጣ። ሽቶው ከሊጡ ሽታ ጋር ተጣላ። «እንጀራሽን ዋሽንግተን እንላከው» አለኝ። የጤፍ እህል በ1998 ወደ ውጭ እንዳይወጣ ቢከለከልም እንጀራው ግን ይወጣል፤ በአውሮፕላን እየተጫነ አሜሪካ ሱቅ እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን። ልቤ ዘለለ። ያ በፍሬም ውስጥ የነበረው ራዕዬ ትዝ አለኝ። ድሮ ቢሆን ያንኑ ዕለት እጅ እሰጥ ነበር። «ሰኞ ላስብበት» አልኩት። ሜሪላንድ ላለችው የእህቴ ልጅ ደወልኩ። እዚያው የሚጋገርም ከአዲስ አበባ የሚመጣም እንዳለ ነገረችኝ፤ ጤፍ ኢዳሆ በሚባለው የአሜሪካ ግዛት ውስጥም ይዘራል። ለሰውዬው ሦስት ጥያቄ ላክሁለት። ገንዘቡ በስንት ቀን ይገባል? መንገድ ላይ የሻገተው የማን ነው? በረራ ቢዘገይ ማን ይከፍላል? የሦስቱም መልስ ዞሮ ዞሮ «አንቺ» ነበር። ሆቴሉ ትዝ አለኝ፤ ያው ሆቴል ክንፍ አውጥቶ የመጣ ነው የመሰለኝ። እምቢ አልኩ። ሌሎች ሠርተውበት ያተረፉ አሉ፣ አይካድም። እኔ በዚያ ጊዜ በነበረኝ አቅም አልችለውም ነበር።

ያቺ እርሾውን ከእኔ አሳምራ የለካችው ልጅ ነገርም አለ። የጋጋሪዎቹ አለቃ አድርጌ ደሞዟን ጨመርኩ። ደንበኛ እንድታነጋግር፣ ዋጋ እንድትከራከር፣ ሒሳብ እንድትጽፍ አደረግኩ። ጽሑፋችሁ «ሰው አብቁ» ይል የለ? አበቃሁ። በዓመት ከስድስት ወሯ የራሷን ቤት ከፈተች። ሁለት ደንበኞቼም አብረዋት ሄዱ። ዘመዶቼ «ነግረንሽ ነበር፣ እጅሽን አታሳዪ ብለንሽ ነበር» አሉኝ። ለሁለት ሳምንት ስልኳን አላነሳሁም። ግን በዚያው ሁለት ሳምንት ሥራው አልቆመም፤ ባልዲው ላይ መስመሩ አለ፣ ግድግዳው ላይ ዝርዝሩ አለ፣ ሌላዋ ጋጋሪ ቦታውን ያዘች። አንድ ቀን የእሷ ሰፈር መብራት ጠፍቶ 150 እንጀራ ጎደለባትና ደወለች። አነሳሁ። ሰጠኋት፤ በዋጋው ነው የሸጥኩላት። በጥምቀት ሰሞን ደግሞ እሷ ሞላችልኝ። የሄዱት ሁለት ደንበኞች ግን አልተመለሱም። አንዱ ጋ አሁንም ሳልፍ አንገቴን አዞራለሁ።

በመጨረሻ ለእናንተ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ደብዳቤውንም የጻፍኩት ለዚህ ነው። ስለ አመራር ከምታወጡት ገጽ ሩቡን ብቻ ስጡን። በየሳምንቱ የእህል በረንዳን የጤፍ ዋጋ፣ ማኛውን፣ ነጩን፣ ሰርገኛውንና ቀዩን ለይታችሁ አውጡልን። ከጎኑ የዛሬ ዓመት በዚያው ሳምንት ስንት እንደነበር ጻፉበት። እኔ ከ2015 ጀምሮ በደብተሬ እየያዝኩ ነው፤ ግን የእኔ ደብተር የእኔ ነጋዴ የነገረኝን ብቻ ነው የሚያውቀው። ኮተቤ ያለች ሴት፣ ሳሪስ ያለች ሴት፣ አዳማ ያለች ሴት ያችን ትንሽ ሰንጠረዥ ቆርጣ ብትለጥፍ መቼ እንደምትገዛ ቁጭ ብላ ታስባለች። ለአሠልጣኝ አበል አያስፈልገውም። አንድ ሪፖርተራችሁ በሳምንት አንድ ቀን በማለዳ እህል በረንዳ ይውረድ። ቱቦውን እኔ አውሰዋለሁ።

11 ሰዓት ሊሆን ነው፣ ስልኬን ልቀበል ልሂድ።

አክባሪያችሁ
አንዲት እንጀራ አቅራቢ፣ ከኮተቤ